ከኩታበር ወዲያ መኪና ሲቆም ማን ይጠራል?

ግልጽ ደብዳቤ

በወሎ የመንገድ፣ የትራፊክና የቱሪዝም ሥራ በኃላፊነት ለያዛችሁ ሁሉ፣ እንዲሁም ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለወልድያ የጋራዥ ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ከከተማ በራቁ መንገዶች ላይ ስለሚተከል ሰሌዳና ሲደወል ስለሚነሳ ስልክ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። የምጠይቃችሁ ነገር ትንሽ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳለሁ።

ከከተማ ወጥቶ ወደ ገጠር የሚገባ እያንዳንዱ መንገድ መነሻው ላይ አንድ ሰሌዳ ይተከልበት። ቀጣዩ ማደያ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ ይጻፍ። መካኒክ የሚገኝበት የመጨረሻው ከተማ የትኛው እንደሆነ ይጻፍ። ከባዱ ዳገትና ቁልቁለት ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ስልክ የማይሠራውም የት የት እንደሆነ ይጻፍ። ከሥሩ ደግሞ አንድ ስልክ ቁጥር ይኑር። ቁጥሩ ሲደወል የሚነሳ ይሁን። ሌላ ነገር አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልምጣ።

በጥር ወር፣ ልጆቹ የግማሽ ዓመት ዕረፍት ላይ ሳሉ፣ ከደሴ ወደ ግሸን ማርያም ተነሳን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቻችንና አማቴ ነን። አማቴ ግሸንን ለመሳለም ሲመኙ የኖሩ ሰው ናቸው። የመስከረም 21 ክብረ በዓል ላይ ሕዝቡ ስለሚበዛ ጉልበታቸው አይችለውም። ስለዚህ ሰው ረገብ ባለበት ሰሞን እንውሰዳቸው ተባባልን። ተሳልመን፣ አገር አይተን፣ ልጆቹም ትንሽ ተንፈስ ብለው ለመመለስ ነበር ሐሳባችን። ዕለቱ ዓርብ ነው። የጾም ምሳችን ተቋጥሯል። ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘዋል።

መኪናችን ደብል ጋቢና ናት። ዕድሜዋ ገፋ ያለ ቢሆንም በየጊዜው ትታያለች። ቦሎዋ የታደሰ ነው። ቅያሪ ጎማ፣ ክሪክ፣ ውሃ፣ አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ሁሉም በቦታቸው ነበሩ። ይህን የምነግራችሁ ገና ታሪኩ ሳያልቅ «መኪናቸውን ሳያዩ ወጥተው ነው» የሚል ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

ኩታበርን በሰላም አለፍን። ከዋናው መንገድ ወደ ግሸን ተገንጥለን ዳገቱን ስንያያዘው ከኮፈኑ ሥር «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማን። ወዲያው ቀይዋ የባትሪ መብራት በራች። ባለቤቴ ዳር አስይዞ እስኪያቆም የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ ወጥታለች። ኮፈኑ ሲከፈት ቺንጋው ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ራዲያተሩ ውሃውን እያንተከተከ በትርፍ ቱቦው ይተፋል።

መኪና ለማታውቁ ላስረዳ። ቺንጋ የሞተሩን ዙር ወደ ውሃ ፖምፓው፣ ነፋስ ወደሚሰጠው ቬንትሌተርና ባትሪውን ወደሚሞላው ዲናሞ የሚያደርስ የጎማ ቀበቶ ነው። እሱ ከተበጠሰ ውሃው በሞተሩ ውስጥ አይዞርም፣ ነፋስም አይገባም። «ትንሽ ልግፋበት» ያለ ሰው ጓርኒሲዮን የሚባለውን የሞተር ማሸጊያ ያቃጥላል፤ ሲብስም ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ይጣመማል። በእኛ አገር ከፍታ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዘው ነው። ክዳኑ የላላ መኪና ዳገት ላይ ከሌላው ቀድሞ ይፈላል። ለዚህም ነው ትኩስ ራዲያተር የማይከፈተው። ሊረዳን የመጣ አንድ ጎረምሳ ክዳኑን ለመክፈት እጁን ሲሰድ ባለቤቴ ጮኾ አስቆመው። ያ የታመቀ እንፋሎት ፊት ይገሸልጣል።

አዎ፣ ሰው መጥቶልን ነበር። ቦታው ላይን ጭው ያለ ነው። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ዓለት። ስልካችን ምልክት የለውም። ሰውም ያለ አይመስልም ነበር። ግን ብዙም ሳንቆይ ከላይም ከታችም ሰው መጣ። አንድ ሽማግሌ ገና ከሩቁ «አብሽሩ! አብሽሩ!» እያሉ ደረሱልን። ከጁምዓ እየተመለሱ ነበር። ልጆቹን አዩ፣ አማቴን አዩ፣ መጀመሪያ ያሉት ነገር «እናታችንን ከፀሐይ አውጧቸው» ነው። ቀጥለው ያሉት ግን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ነው።

«እዚችው ኩርባ ላይ ነው ሁሌም የሚቆመው» አሉ።

ደገምኩና ጠየቅኳቸው። ሁሌም ነው። ዳገቱ ከሥር ጀምሮ እረፍት አይሰጥም፤ መኪናው የሚደክመው እዚያ ሲደርስ ነው። ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ ቦታ አለ፤ እዚያ ፍሬን የሚግልባቸው የሚወርዱት ናቸው። የትኛው ኩርባ ላይ ክረምት ላይ ናዳ እንደሚወርድ፣ የቱ ጋ ጭጋግ እንደሚጋርድ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ወላድ የጫነ መኪና እዚያው ቆሞ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እንዳሻገሯትም ነገሩኝ። ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሰው መንጃ ፈቃድ የላቸውም። መንገዱ ግን ደጃፋቸው ላይ ነው ያለው።

ስለ ውሃው ልንገራችሁ። የያዝነው ውሃ ግማሹን ልጆቹ ጠጥተውታል። የቀረው ራዲያተሩን አልሞላም። አንዲት ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ መጣች። ጀሪካኑ በገመድ ደረቷ ላይ ታስሯል። አጎንብሳ አወረደችውና ለባለቤቴ ገፋ አደረገችለት። ምንጩ የት እንደሆነ ስጠይቃት በእጇ ወደ ገደሉ ሥር አሳየችኝ። የሚታየኝ ቀጭን የእግር መንገድ ብቻ ነው። ያ ውሃ ለቤቷ የተቀዳ ነው። ለእራት፣ ለቡና፣ ለከብት። እኛ ቀዝቀዝ ሲል ቀስ እያደረግን ራዲያተር ውስጥ ጨመርነው። «አይሆንም፣ የቤታችሁ ነው» ብንል የሚሰማን አልነበረም። ልጅቷ ባዶውን ጀሪካን አንጠልጥላ ተመልሳ ወረደች።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የመንገድ ላይ ዕርዳታችን ዛሬ ያለው እዚች ልጅ ጀርባ ላይ ነው። እባካችሁ ይህን አስቡት።

ሽማግሌው ደግሞ ልጃቸውን ልከው መጫኛ አስመጡ። መጫኛ ለገበሬ ምን እንደሆነ የገጠር ልጅ የሆናችሁ ታውቃላችሁ። ቆዳው ተገዝቶ፣ ተልጦ፣ ተጠፍሮ፣ በቅቤ ታሽቶ ነው የሚሠራው። እህል ከአውድማ የሚገባበት፣ አህያ የሚጫንበት ነው። «ቁረጠው» አሉት ባለቤቴን። አመነታ። ራሳቸው ቢላ አውጥተው ቆረጡት። ባለቤቴ ጠፍሩን በመዘውሮቹ ላይ አዙሮ፣ ጠበቅ አድርጎ ቋጠረው። ሞተሩ ተነሳ። ጠፍሩ ጥቂት ዞረና ቋጠሮው መዘውሩ ላይ ሲደርስ ዘለለ፤ ተንሸራትቶ ወጣ። እንደገና ሞከሩት፤ አሁንም ወጣ። የተቆረጠ መጫኛ እንደገና መጫኛ አይሆንም። ሽማግሌው ግን የተጨነቁት ጠፍሩ አልይዝ በማለቱ ብቻ ነበር።

ኔትወርክ የሚገኘው ከጎጡ በላይ ባለው ጉብታ ነው። አንድ ወጣት ይዞኝ ወጣ። እዚያ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ስልኩን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠህ፣ ሳታነሳው፣ ጎንበስ ብለህ በስፒከር ታወራለህ። ካነሳኸው ይቋረጣል። የአካባቢው ሰው ሁሉ የሚደውለው እንደዚያ ነው። እኔም ጎንበስ ብዬ ደሴ ያለች ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። እሷ ለተጓዥ ትብብር ያደርጋል የተባለ የአንድ መሥሪያ ቤት ቁጥር ፈልጋ ሰጠችኝ። ደወልኩ፤ አይነሳም። ደጋግሜ ስደውል ተነሳ። ያነሳው ሰው በትሕትና አዳመጠኝ። «ይሄ የኛ ሥራ አይደለም፤ የሚመለከተውን ክፍል ይጠይቁ» አለኝ። የሚመለከተው ክፍል የትኛው ነው? አላወቀም። እኔም እስከዛሬ አላወቅኩም። የዚያን ሰው ጥፋት ነው አልልም። ማንም ሥራው ነው ብሎ አልሰጠውም። ሰው ሲታመም ቀይ መስቀልን በ907 እንደምንጠራ ልጆቻችን እንኳን ያውቃሉ። አምስት ሰው የጫነ መኪና ገደል አፋፍ ላይ ሲቆምና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ማን እንደሚጠራ አዋቂውም አያውቅም።

ባለቤቴ የተበጠሰውን ቺንጋ በኪሱ ከትቶ፣ ከአንድ ወጣት ጋር ወደ መገንጠያው በእግሩ ወረደ። እዚያ ምስር የጫነ አይሱዙ አግኝቶ ተሳፈረ። ኩታበር ላይ ጠየቀ፤ ልኩ የለም። ደሴ ሲገባ መሽቷል። ቺንጋ ጀርባው ላይ ልኩ በቁጥር ይጻፍበታል፤ የእኛው ግን በማርጀቱ ቁጥሩ ተፍቋል። የአይሱዙው ሹፌር ወደሚያውቀው መለዋወጫ ሻጭ ወሰደው። ሰውየው የዘጋውን ሱቅ ከፍቶ፣ ቁራጩን በሲባጎ ለክቶ፣ ከነቅያሪው ሁለት ሰጠው። ሹፌሩ ጭነቱን እስኪያራግፍ ድረስ ከባለቤቴ አልተለየም። ሁለቱም ከእግዜር ይስጥልኝ በላይ አልተቀበሉም። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ስለ ሰዉ ቅንጣት ቅሬታ የለኝም።

እኛ ያደርነው ሽማግሌው ቤት ነው። የቤቱ እመቤት አማቴን መደብ ላይ አስቀምጠው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ «ዛሬ ጾም አይደል?» ብለው ጠየቁ። እነሱ ሙስሊሞች ናቸው። ዓርብ መሆኑን አስበው፣ ቅቤ ያልነካው ድስት ፈልገው፣ ሽሮ በዘይት ሠሩልን። ለልጆቹ በሶ በስኳር አሹላቸው። ቡናው ተፈላ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው። አማቴና እመቤቲቱ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ዘንድሮ አዝመራ ሲያወሩ አመሹ። በመጨረሻ እመቤቲቱ «ነገ ስትደርሺ ለኛም ዱዓ አድርጊልን» አሏቸው። አማቴም «ምን ጥያቄ አለው፣ በስማችሁ ነው የምጠራችሁ» አሉ።

የጥር ብርድ አጥንት ይሰብራል። ያን ሌሊት መኪና ውስጥ ብናድር አማቴ ምን ይሆኑ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

በማግሥቱ ባለቤቴ ቺንጋውን ይዞ ደረሰ። ተገጠመ። ግሸንም ወጣን። አምባው የመስቀል ቅርጽ አለው። በትውፊት እንደሚነገረው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን ያኖሩት ለዚሁ ነው። አማቴ ተሳለሙ፤ የሽማግሌውንና የባለቤታቸውን ስም ጠርተው ጸለዩ። ልጆቹ ኳሳቸውን ከመኪና ሳያወርዱ ተመለስን። የቀረው ጨዋታ የሚካስ ነው፤ አላሳዝናቸውም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

እኛ ከደሴ ወጣ ስንል የምንሄድባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ ከዋናው መንገድ የተገነጠሉ ናቸው። ግሸን፣ መቅደላ፣ ጀማ ንጉሥ፣ በቦረና በኩል ያለው ብሔራዊ ፓርክ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ለዋናው መንገድ ስለሚቀርብ ደህና ነው። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል፣ ሀረጎ ዳገት ላይ፣ መኪናህ ቢፈላ ችግር የለም። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ በየደቂቃው ያልፋል፤ ሽቅብም ቁልቁልም ጋራዥ አለ። የምጽፍላችሁ ከዚያ ስለሚለዩት መንገዶች ነው። «ወሎን ጎብኙ» ትሉናላችሁ። እንጎበኛለን። ልጆቻችንን እዚሁ አገራቸው ላይ ማዞር እንፈልጋለን። ግን ስንሄድ ምን እንደሚጠብቀን ንገሩን።

አንዳንዱ «መንገዱ አስፋልት ሲሆን ሁሉም ይቀላል» ይላል። አስፋልቱ ይምጣ፣ ደስ ይለኛል። ግን በዚህ አገር መንገድ ማውጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ከጋፋት ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የበሽሎን ገደል እያስቆፈሩ፣ መንገድ እያስጠረጉ ነው የተሻገሩት። ወራት ፈጅቷል። ያ ገደል ዛሬም እዚያው ነው ያለው። ስለዚህ አስፋልቱን ለነገ ካላደረሳችሁ ብዬ አልወቅሳችሁም። ሰሌዳ ግን ገደል አያስቆፍርም። ሁለት ብረት፣ አንድ ላሜራ፣ ቀለምና ጥቂት ሲሚንቶ ነው። ደግሞስ አስፋልት ላይ ቺንጋ አይበጠስም ያለው ማነው? አስፋልት ሲሆን ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ስለ ቁልቁለቱ የአይሱዙው ሹፌር ለባለቤቴ የነገረውን ላካፍላችሁ፤ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ያለበት እሱ ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ ነው ያለው። ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሹፌር የፍሬኑን ሸራ ያግላል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዘልቃል። ዘይቱ ሲቆይ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት ቶሎ ይፈላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አያስተላልፍም። ያኔ ፍሬኑ ሲረገጥ ወለሉ ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ይህን የደሴ ልጅ ከሀረጎ ጋር ስላደገ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ተከራይቶ የመጣ ቤተሰብ ግን ላያውቅ ይችላል። «ከዚህ በኋላ ረጅም ቁልቁለት ነው፤ በከባድ ማርሽ ይውረዱ» የሚል ጽሑፍ ሰው ያድናል። ቁልቁለቱ የት እንደሚያልቅም ይጻፍበት። ሹፌር መጨረሻውን ካላወቀ ይቸኩላል።

ገንዘብ የለም የሚል መልስ እንዳይመጣ ደግሞ ይህን ላስታውስ። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የመንገድ ፈንድ አለ። ነዳጅ በቀዳን ቁጥር ከምንከፍለው ላይ ለመንገድ ጥገና የሚሆን ድርሻ ይቀነሳል። ይህን የሚከፍለው ባለ መኪናው ብቻ አይደለም። አይሱዙው የሚጭነው ምስርና ሳሙና ዋጋ ውስጥ አለበት። ጀሪካን ያዘለችው ልጅ ቤትም ሳሙና ሲገዛ ይከፈላል።

አቅምም አላችሁ። በየዓመቱ በመስከረም 21 ሰሞን ለግሸን ተጓዥ ትራፊክ ፖሊስ ይቆማል፣ የሕክምና ባለሙያ ይመደባል፣ ወጣቶች ያስተባብራሉ። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ይስተናገዳል። ይህን የምታደርጉት እናንተው ናችሁ፤ እናመሰግናለን። የምጠይቀው ከዚያ ሥራ ትንሿ ቁራጭ ዓመቱን ሙሉ እንድትቆይ ነው። አንድ ተረኛ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ መዝገብ። ተረኛው መካኒክ መሆን የለበትም። የየትኛው ከተማ መካኒክ ዛሬ እንዳለ፣ የትኛው መኪና ወደዚያ እየሄደ እንደሆነ ያውቅና ያገናኝ። እኔን በዚያ ዓርብ ቀን አንድ ሰው «ቺንጋው ልኩ ስንት ነው? ነገ ጠዋት የሚወጣ መኪና አለ፣ እልክላችኋለሁ» ቢለኝ ኖሮ ባለቤቴ ሌሊቱን በመንከራተት አያሳልፍም ነበር።

ሰሌዳው የት ይተከል ብላችሁ ጥናት ከማስጠናታችሁ በፊት ወርዳችሁ ገበሬዎቹን ጠይቁ። መኪና የሚቆምበትን ኩርባ ያውቁታል። ፍሬን የሚሸትበትን ቁልቁለት ያውቁታል። ስልክ የሚሠራበትን ድንጋይ ያውቁታል። ግማሽ ቀን ከእነሱ ጋር በእግራችሁ ሂዱ። ለቆረጡት መጫኛ፣ ላፈሰሱት ውሃ የሚጠይቃቸው መንግሥት ይኑር። እኛ ገንዘብ ስንሰጣቸው ሽማግሌው ተቆጥተው ነው የመለሱት። የእንግዳ ገንዘብ አይቀበሉም። መንግሥት በሰፈራቸው ምንጭ ቢያጎለብትላቸው ግን የሚቆጡ አይመስለኝም። ለመኪናም ለሰውም የሚሆን ውሃ መንገዱ አጠገብ ቢወጣ ያቺ ልጅም ገደል አትወርድም።

የጋራዥ ባለሙያዎች፣ እናንተንም ልለምን። ወደ ገጠር ለሚወጣ መኪና ዘይት ስትቀይሩ ቺንጋውን ገልብጣችሁ እዩለት። ሲሰነጣጠቅ በጣት ይታወቃል። የልኩን ቁጥር በቀለም ኮፈኑ ውስጥ ጻፉለት። ያረጀ ግን ያልተበጠሰውን ቺንጋ አትጣሉበት፤ ጋቢናው ውስጥ ለክፉ ቀን ይቀመጥለት። ወጣቶቻችሁ በኩታበር፣ በተንታ፣ በወገል ጤና፣ በአቀስታ ስልካቸውን በዚያ መዝገብ ላይ ያስመዝግቡ። የሚከፈላቸው ሒሳብ አስቀድሞ ይታወቅ። ችግር ላይ የወደቀ ሰው ዋጋ ለመከራከር አቅም የለውም፤ መካኒኩም ሌሊት ተነስቶ በነፃ መሥራት የለበትም።

ሹፌሮች ደግሞ አንድ ነገር አድርጉልን። መኪና ሲቆም ከኋላና ከፊት ድንጋይ እንደረድራለን። ጥሩ ነው። ስንነሳ ግን ድንጋዩን ትተነው እንሄዳለን። ማታ የሚመጣው ሰው ላይ ነው የምንተወው። የሽማግሌው ልጆች እኛ ስንነሳ አንድም ድንጋይ ሳያስቀሩ አንስተው ወደ ዳር ጣሉት። ማንም አላዘዛቸውም።

ስልክን በተመለከተ የኔትወርክ ማማ በየጉብታው ይቁም ማለቴ አይደለም። የማይሠራበት ቦታ ይታወቅ ነው የምለው። «ከዚህ በኋላ እስከ እንትን ድረስ ስልክ አይሠራም» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው ቤተሰቡ ጋ ደውሎ «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ፈልጉኝ» ብሎ ይገባል። ጓደኛዬ እኔ እስክደውልላት ድረስ ግሸን ደርሰን የምንጸልይ ነበር የመሰላት።

የማቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ሰሌዳ ከሚመጣው መስከረም በፊት ከኩታበር መውጫ ላይ ይተከል፤ ሁለተኛው ወደ ግሸን መገንጠያው ላይ። ለመጀመሪያው ሰሌዳ ላሜራና ቀለም እኔና ባለቤቴ እናወጣለን፤ የሚያግዙን ጎረቤቶችም አሉ። ከእናንተ የምንፈልገው ፈቃዱን፣ ትክክለኛውን ኪሎ ሜትርና የሚነሳ ስልክ ነው። ማን ጋ መምጣት እንዳለብን ንገሩን። በዚያው ሳምንት እንመጣለን። ሽማግሌውም ኩርባውን ለማሳየት ፈቃደኛ ናቸው፤ ጠይቄያቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የደሴ ነዋሪ